ናጋ ብዬ ያለፍኩት በር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ ከጎኔ ተኝቶ ስንት ዓመት ሲያንኮራፋ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ቀስቅሼ አልነገርኩትም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ጨርቅ ስለካ ማሳጠሬን ሳይቀር ስናዘዝ ይህችን ዘልያት ነው የተነሳሁት። ላንተ ለምታነበው የምነግርህ ምናልባት ስለማታውቀኝ ይሆናል። እንድታዝንልኝ አይደለም። እኔ ራሴ ሳወራው አላለቅስም፤ እንደ ደነዘዘ እግር ሆኖብኛል፣ ቢወጉትም አይሰማኝም።

የእኔ በደል ቤት መግዛቴ ነው። ቤት መግዛት ኃጢአት ነው እንዴ? አይደለም። እኔ ግን በበደል ነው የገዛሁት።

ነገሌ ቦረና ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ባሌ መምህር ነው፤ እኔ ከሞያሌ ጨርቅና የፕላስቲክ ጫማ እያመጣሁ ገበያ እቸረችር ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። መሀል ከተማ፣ ሰው ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አከራያችን ልጆቼ ሲስቁ እንኳ በመስኮት ብቅ ትል ነበር። የተከራይ ልጅ ሲስቅም ያስወቅሳል።

ያኔ ነው ዳር ሰፈሩን ያየሁት። ሰው ጅብ ይበዛበታል፣ ውሃ ይርቃል እያለ ስለሚሸሸው ቤቱ ርካሽ ነበር። እኔ ያየሁት ሌላውን ነው። ኳስ ሜዳ አለ። አንድ ነጋዴ በቆርቆሮ የሠራው ቪዲዮ ቤት አለ፤ ጄኔሬተር እያስነሳ የህንድ ፊልም ያሳያል፤ ደጁ ላይ ጆተኒና ከረምቡላ ዘርግቷል። ልጆቼ ለዚያ ቪዲዮ ቤት ከተማውን አቋርጠው ሲሄዱ መኪና ይገጭብኛል እያልኩ መሳቀቄ ይቀራል። ባሌም ከረምቡላ ካየ መምህርነቱን የሚረሳ ሰው ነው፤ ቢያንስ በደጃችን ይርሳው። ከቪዲዮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በቅንጭብ የታጠረ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ግራር ያለበት የጭቃ ቤት ነበር። የአዴ ዳርሚ ቤት ነው፤ «አዴ» እዚህ ሴትን በአክብሮት መጥሪያ ነው።

አዴ ዳርሚ ባላቸው የሞተባቸው የቦረና ሴት ነበሩ። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ጂሎ የሚባል። የደርግ ወታደር ሆኖ ሄዶ መንግሥት ሲወድቅ የገባበት ጠፋ፤ ሰዉ ሞቷል ብሎ ተወው። እሳቸው ዓይናቸው ደከመ፣ ውሃ የሚቀዳላቸው ጠፋ። ስለዚህ ቤቱን ሸጠው አሬሮ የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ጋ ሊገቡ አሰቡ። ሄጄ አነጋገርኳቸው፤ በቃል ተስማማን። ሽማግሌ ተቀምጦ እስኪጨርሰው አንድ ጊዜ ሞያሌ ደርሼ ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ልጆቼ ግን የማን አልጋ በየት በኩል እንደሚሆን ተጣልተው ታርቀው ጨርሰው ነበር።

ሞያሌ ላይ ጂሎን አገኘሁት።

ከነገሌ የመጣች ነጋዴ አለች ብለውት፣ የሚያወርደውን ጭነት ጥሎ ነው የመጣው። ከስቷል፣ ትከሻው ላይ የስኳር ጆንያ ብናኝ አለ። «አዴ፣ ነገሌ ዳር ሰፈር፣ ግራር ያለበት ግቢ ታውቂያለሽ? እናቴ አለች?» አለኝ። «አሉ» አልኩት። አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እንዳለሁ ንገሪልኝ። ኬንያ ነበርኩ በያት። ትንሽ ነገር ቋጥሬ እመጣለሁ። የትም እንዳትሄድ፣ ትጠብቀኝ።»

እሺ አልኩት። እሺ ስለው ከልቤ ነበር፣ ይህን እወቅልኝ። ግን መኪናው ነገሌ እስኪደርስ ልቤ ሌላ ሰው ሆነ። ከሰሙ አይሸጡም። ከዚህ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ከሰሙ አይሸጡም።

እዚህ አገር ከመንገድ የገባ ሰው ይጠየቃል። «አካም? ናጋ?» ይሉታል፤ መልሱ ሁልጊዜ «ናጋ» ነው፣ ሰላም ነው ማለት ነው። ሰው ሞቶ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ «ናጋ» ነው የሚባለው። እውነተኛው ወሬ የሚመጣው መንገደኛው አረፍ ብሎ፣ ወተት ያለበት ሻይ ቀምሶ ሲያበቃ ነው። እስከዚያ ጠያቂው ይታገሣል፤ መንገደኛን አቁሞ መጎትጎት ነውር ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አውቄም ተጠቀምኩበት።

አዴ ዳርሚ አጥራቸው ስር ተቀምጠው ነበር። በድምፄ ለዩኝ።

«አካም ልጄ፣ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሞያሌ ናጋ?»

«ናጋ ነው፣ አዴ።»

«ግቢ በይ፣ ሻይ አለ፣ ተቀመጪ።»

«ዕቃዬ ሜዳ ላይ ነው ያለው፣ አዴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሌላ ቀን» አልኳቸው። ዕቃዬ ቤት ገብቷል፣ ተቆልፎበታልም። ያልተቀመጠ ሰው ወሬ የለውምና ሌላ አልጠየቁኝም። ጨዋ ስለነበሩ አልጠየቁኝም። እኔም ጨዋነታቸውን ተማምኜ በቆምኩበት ዞሬ ሄድኩ።

ዋሽቻለሁ ወይ? ስንት ዓመት ይህን ጥያቄ ሳገላብጠው ኖሬአለሁ። ሞቷል አላልኩም፤ አላየሁትም አላልኩም፤ «ናጋ» ነው ያልኩት፣ ደግሞም በሕይወት ነበር። እንዲህ እያልኩ ራሴን ነጻ ለማውጣት የሞከርኩበት ጊዜ አለ። ዛሬ አልሞክርም። እኔ የእናትን ልጅ ቀበርኩ፤ በሕይወት ያለውን ልጅ፣ በአንድ ቃል።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ቤቱ የኛ ሆነ። ጎረቤት «ቤት ለእንቦሳ!» እያለ ሲገባ «እንቦሳ እሰሩ!» እያልኩ ተቀበልኩ። ከገዛሁ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ከገዛሁ በኋላ ደግሞ «መቼ ሰማሽ? እስካሁን የት ነበርሽ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። እኔ አደረቅሁት።

በሄዱበት ቀን አዴ ዳርሚ ግራሩን በእጃቸው ዳሰሱት። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የህንድ ዘፈን ይጮኻል፤ ልጆቼ ደስ ብሏቸው ከግቢ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደ ግቢ ይሯሯጣሉ። አዴ ዳርሚ የልጆቼን ሩጫ በጆሯቸው እየተከተሉ ፈገግ አሉ፣ መረቁልኝም። ከዚያ ክንዴን ያዙና «ልጄ፣ እኔ እንጃ፣ ጂሎ ከመጣ አሬሮ ናት በዪው፣ እሺ?» አሉኝ።

ሰዉ ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ እሳቸው አልቆረጡም ነበር። ያን ጊዜም አፌ ድረስ መጣ። አላወጣሁትም። «እሺ፣ አዴ» አልኩ። ከልጅም እሺ ብዬ ተቀብዬ ነበር፣ ከእናትም እሺ ብዬ ተቀበልኩ።

ከአሬሮ ሰው ገበያ ይመጣ ነበር። ከብት ሸጦ ከኔ ጨርቅ ይገዛል። ለአንዱ ሹክ ብለው ይበቃ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ይደርሳቸዋል። ለካሁ፣ ቀደድኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ሰጠሁ። «ናጋ?» ሲሉኝ «ናጋ» አልኩ። በኋላ አንዷ መጣች፤ ናጋ ተባባልን፣ ተቀመጠች፣ ሻይ ጠጣች፤ ከዚያ በኋላ ነው፣ በሥርዓቱ፣ አዴ ዳርሚ ማረፋቸውን የነገረችኝ። «ነፍስ ይማር» ብዬ የጀመርኩትን ጨርቅ ለክቼ ጨረስኩ።

ጂሎ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት። አንድ ሰው ከደጃችን ቆሞ ግራሩን ሲያይ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። አወቅሁት። ይገባል ብዬ ስጠብቅ ዞሮ ቪዲዮ ቤት ገባ። ፊልሙ እስኪያልቅ አልወጣም። እንዴት ሰው ከስንት ዓመት በኋላ እናቱ ደጅ ደርሶ ፊልም ያያል? ያኔ ገረመኝ፤ አሁን አይገርመኝም። ከግቢው የልጆች ድምፅ ሰምቷል፣ ገመድ ላይ የሰው ልብስ አይቷል። ፈርቶ ነው። ሰዉ እየሳቀ ሲበተን እሱ መጨረሻ ወጣና በሬን መታ።

«አካም» አለ። «ናጋ» አልኩ። አስቀመጥኩት፣ ሻይ ሰጠሁት፣ ከዚያ እናቱ አሬሮ ማረፋቸውን ነገርኩት። ሻዩን መሬት ላይ አኖረው። ባሌ ግራሩ ስር የተማሪ ፈተና ያርማል፤ ጎረቤቴ ስኒ ልትመልስ መጥታ ቆማለች።

«መልእክቴን ነግረሻት ነበር?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን በደል ምኞት አሠራኝ እንበል፤ ልጆች፣ የሰው ግቢ፣ ምናምን። ይኼኛውንስ? ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ጎረቤቴ አየችኝ። እኔም «አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

ጂሎ ቤቱን አየ። «እንደምመጣ እያወቀች ሸጠችው?»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት መልስ ነው፤ እሱም እንደዚያው ተቀበለው። ተነሳ፣ ባሌን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ተሰናበተ፣ ለኔ «ናጋቲ»፣ ደህና ሁኚ፣ ብሎኝ ወጣ። መቃብሯ የት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ወደ አሬሮ የሚሄድ መኪናም አልጠበቀም፤ በመጣበት ወደ ሞያሌ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ቤቱን ወሰድኩ፣ ያ ይሁን። እናቱን ግን ሁለተኛ ወሰድኩበት። የምትጠብቀውን እናት ወስጄ፣ ሸጣው የሄደች እናት ሰጠሁት።

ልጆቼ አድገው ተበትነዋል። ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ ዲሽ አስገብቶ የእንግሊዝ ኳስ ያሳያል። ባሌ ጡረታ ወጥቷል፤ እዚያው ይውላል፣ ጎል ሲገባ ጩኸቱን ከቤቴ ሆኜ እለየዋለሁ። ሲመለስ «ይህን ቤት የገዛን ቀን እግዜር ባርኮን ነው» ይለኛል። እራት አቀርብለታለሁ።

ይቅርታ አልለምንም፤ የምለምናቸው ሰዎች እዚህ የሉም፣ አንተም ልትሰጠኝ አትችልም። ልጆች ነበሩኝ አልልም፤ እሳቸውም ልጅ ነበራቸው። አውቄ ነው ያደረግሁት። የቀረኝ ያላደረስኩት መልእክት ብቻ ነው፤ አሁን ላድርሰው።

ጂሎ፣ እናትህ በሕይወት መኖርህን አልሰሙም። እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው። ሲሄዱ «ጂሎ ከመጣ አሬሮ ናት በዪው» ብለውኝ ነበር።