ኩይሳ የሌለበት መሬት

የእርጥብ አሸዋ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ እስከ ዛሬ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጅግጅጋ ዳር፣ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ በሚከርም ወንዝ አጠገብ ነበር። አባቴ ከወለጋ ተዛውሮ የመጣ መምህር ነው፤ አገሩ ላይ ምስጥ የአባቱን ቤት ምሰሶ በልቶ ሲጥል አይቷልና፣ ቦታ ሲመርጥ ዳገቱን በኩይሳ ስለተሞላ ትቶ፣ አንድም ኩይሳ የሌለበትን የወንዙን ዳር ያዘ። «ንጹሕ መሬት» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር።

በጅላል፣ በደረቁ ወራት፣ ከኤዶ ሆዳን ልጆች ጋር ኩይሳዎቹ መሀል ድብብቆሽ እንጫወት ነበር። ኤዶ ማለት አክስት ነው፤ ፍየል ነጋዴዋን ጎረቤታችንን ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራታል። አንድ ቀን ለእናቴ፣ «ምስጥ ውኃ በሚተኛበት ቦታ ቤት አይሠራም። እኛም ከወንዙ ዳር ተነሥተን ነው ዳገት የወጣነው» አለቻት። አባቴ ሲሰማ ሳቀ። «ታዲያ ከምስጥ ጋር ልኑር?» አለ። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ደመና ባየች ቁጥር ታናሽ ወንድሜን ከጀርባዋ አታወርድም ነበር።

ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ በገባ ሰሞን ከሰዓት በኋላ፣ በካራማራ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ እኛ ዘንድ ጠብ አላለም። ኤዶ ሆዳን ከዳገቱ ሆና «ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ ከላይ ጎርፍ መጥቷል» ብላ ተጣራች። እናቴ ወንድሜን አዝላ፣ እጄን ጎትታ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች። ኩይሳዎቹ ጋ ደርሳ አባቴ ዘንድ ብትደውል ኔትወርክ የለም። ወዲያው እታች ደጃችን ላይ ከባጃጅ ሲወርድ አየነው፤ በሩ ክፍት መሆኑን ሲያይ እኛን ፍለጋ ሮጦ ገባ። ጮኽን፤ የጎርፉ ድምፅ ጩኸታችንን ዋጠው። ድፍርሱ ውኃ ሜዳውን ሞልቶ ግድግዳውን ሲመታ፣ እናቴ የታዘለውን ወንድሜን እግሮች አጥብቃ ያዘች። እኔ አባቴ ሞተ ብዬ አመንኩ።

በጓሮ መስኮት ወጥቶ፣ ውኃው ደረቱ ደርሶ፣ የወንድሜን ብርድ ልብስ እንዳቀፈ ዳገቱን ሲይዝ፣ ገና ስማችንን እየጠራ ነበር። ሲያየን መጥራቱን ትቶ ብርድ ልብሱን ለእናቴ ሰጣት። ቤቱ ከኋላው ሲፈርስ ዞሮ አላየውም።

አሁን ዳገቱ ላይ ነን። ምስጥ ማገሩን ስለሚበላ አባቴ እያጉረመረመ በየዓመቱ ይለውጣል። ድሮ ደመና ሲመጣ ጣራ ሥር ባልዲ ለመደርደር እንሽቀዳደም ነበር፤ ዛሬ ካራማራ ሲጠቁር፣ አባቴ ሁላችንም እቤት መሆናችንን እያየ እንኳ፣ በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ስማችንን ይጠራል፤ እኛም አድገን፣ ከተቀመጥንበት ሆነን፣ በየተራ «አቤት» እንላለን።