ለዲኮር የተሰቀለው ወታደር

ትናንት ማተሚያ ቤት ገብቼ አዲስ የታተመ ሸራ ሲሸተኝ፣ ያ የመገናኛው ካፌ ትዝ አለኝ። አሁን ባንክ ሆኗል። ያኔ የባቡሩ ሐዲድ እየተሠራ ሰፈሩ በአቧራ ታፍኖ ነበር፤ እኔም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ሁሉን የምጠረጥር ነገረኛ ነበርኩ።

ከእናቴ ጋር ከሾላ ገበያ በርበሬ ሸምተን ስንመለስ ሻይ ልንጠጣ ገባን። ግድግዳው ላይ በሸራ የታተሙ የድሮ ወታደሮች ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። እናቴ አንዱን አየችና ዘንቢሏን ለቀቀችው።

"ወንድሜ!"

አጎቴ በደርግ ጊዜ ለውትድርና ታፍሶ እንደወጣ ቀርቷል። መርዶ አልመጣም፤ እሷም "ሳያረዱኝ አላለቅስም" ብላ ትጠብቀው ነበር።

"ይሄን ከየት አመጣኸው?" አለችው የካፌውን ባለቤት፣ አንድ ወጣት ነው።

"ማዘር፣ ከኢንተርኔት አውርጄ ነው። ለዲኮር።"

"ሰው ለዲኮር ይሰቀላል እንዴ?"

አላመነችውም። "ይሄ ልጅ የሚደብቀኝ ነገር አለ። ወንድሜ በሕይወት ባይኖር እኛ ዘንድ የሌለ ፎቶው ከየት ይመጣል?" እያለች ትመላለስ ጀመር። ለእንጦጦ ማርያምም ጥላ ተሳለች። እኔ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እሱንም እሷንም ጠረጠርኩ። ናፍቆት ዓይኗን ጋርዶት እንዳይሆን ፈራሁ፤ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ፊቷን አይ ነበር።

በመጨረሻ ልጁ ሰለቸው መሰለኝ፣ "ማዘር፣ ምልክት አለው?" አላት።

"የግራ ጆሮው። ልጅ ሳለ ውሻ ነክሶት ጫፉ የለም።"

ሸራው የእንጨት ፍሬሙ ላይ ሲወጠር ያ ጆሮ ያለበት ጠርዝ ወደ ጎን ታጥፎ ከፊት አይታይም ነበር። ልጁ ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደውና ጎኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ጆሮው ሙሉ ነው።

እናቴ በጣቷ ዳሰሰችው። "አይደለም" አለች፣ ቀስ ብላ። ቤት እንደገባን ማንም ሳያረዳት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለወንድሟ አለቀሰች።

እንግዲህ ወጣላት ብዬ ነበር። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን እዚያው ካፌ፣ ሸራው ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ደሜ ፈላ።

"አይደለም ብለሽ የለ እንዴ? አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?"

"የማን እንደሆነ እንጃ" አለችኝ፣ ቀና ብላ እያየችው። "ግን እሱንም የምትፈልግ እህት አትጠፋም። ድንገት ብትገባ ብቻዋን ታልቅስ?"