የፓሪስ የላይኛው መደርደሪያ

ሰፈርተኛው ፓሪስ ያላት ፓሪስን አይታ አይደለም፤ አውሮፕላንን እንኳ የምታውቀው በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ በድምፁ ነው። ስሙ የወጣላት ከፀጉር ቤቷ መስታወት በላይ በሰቀለችው መደርደሪያ የተነሳ ነው። ሱቃችን ጎን ለጎን ነው፤ እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሷ ፀጉር ትሠራለች። መካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ። ስለዚህ የማወራውን ከሰው አፍ ለቅሜ አይደለም።

ቤቷ ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ጠርዙ የተሸረፈ የራስ መታጠቢያ ገንዳ። ከመስታወቱ በታች ያለው መደርደሪያ የደንበኛ ነው። ከላይ ያለው የግሏ ነው፤ ማንም እጁን አይሰድበትም። ዕቃውን የምታመጣላት አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ደንበኛዋ ናት። ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ ፓሪስ የሰው ፀጉር በእጇ እንደያዘች ትረሳዋለች።

እያንዳንዱን ዕቃ ከነአመሉ ታውቀዋለች። አቬን የሚሉትን የሚነፋ ውሃ፣ ካስኩ ሥር ቆማ ፊቷ ሲግል ትረጨዋለች። «ውሃ በቆርቆሮ መግዛት የጤና ነው?» ብያት ሳምንት አኩርፋኛለች። የፀጉር ማለስለሻው እጇን ሲለበልባት ላ ሮሽ ፖዜ ከሚባል የቅባት ቱቦ ምስር የምታክል ጨምቃ ታሻለች፤ ከዚያ በላይ ብትሞት አታወጣም። ኑክስ የሚባለው ወርቅማ ዘይት ለክንድና ለፀጉር ጫፍ ነው። ባዮደርማ ሜካፕ ማስለቀቂያ ነው፤ በጥጥ ነክራ ፊቷን እየጠረገች «ሳሙና ይቧጥጣል፣ ይኼ ግን ለምኖ ነው የሚያስወጣው» ትላለች። በመሐላቸው ሰማያዊ ቆርቆሮ ኒቪያ ተሰይሟል። ይኼ እኮ ፈረንሳዊ አይደለም ብዬ ስተርባት «እሱ የቤት ልጅ ነው» አለችኝ።

ዳር ላይ፣ ለብቻው፣ ሻሊማር የሚባለው ሽቶ ይቆማል። ጠርሙሱ ወፍራም ነው፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ሰማያዊ ክዳን ያለው። ሲረጭ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ቆይቶ ቫኒላ ይሆናል፣ ሲመሽ ደግሞ ጭስ ጭስ የሚል ነገር ይተዋል። ፓሪስ በእረፍት ቀኗ ብቻ ከጆሮዋ ጀርባ አንዴ ትረጫለች። ሰፈሩም በጠረኑ «ፓሪስ አልፋለች» ይላል። ይህ ሁሉ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ መብቱ ነው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ስታጥብ የምትውል ሴት አንድ መደርደሪያ ይበዛባታል የሚለኝ ሰው ካለ በመቀሴ እጠብቀዋለሁ።

በዚያ መደርደሪያ ላይ ለሌላ ሰው የሚከፈት አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። እሱም ኬራስታስ የሚሉት የፀጉር ቅባት ነው፤ የሚከፈተውም ለታናሽ እህቷ ለሐርዬ ራስ ነው። እናታቸው ስትሞት ሐርዬ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። ፓሪስ አሳደገቻት፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ቀብታ፣ ጎንጉና ወገቧ ላይ አደረሰችው። ሙያውንም የለመደችው በዚያው ራስ ላይ ነው። ሐርዬ ስትዳር ፓሪስ ያለቀሰችው «ማን ያበጥርሽ ይሆን?» እያለች ነበር።

ያገባችው በያጁን ነው። በያጁ የብረት በር ሠሪ ነው፤ የሰፈሩን በር ግማሽ ያህሉን የሠራው እሱ ነው፤ የእኔንም፣ የፓሪስንም። ሰው አክባሪ፣ ሰላምታው ረጅም፣ ለጎረቤት እጁ የሚፈታ። እኔም ራሴ «ታድለሻል» ብያታለሁ። ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ያደናግራል ማለት ይኼ ነው።

አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ፀጉሬን እየተሠራሁ ሳለ ሐርዬ ገባች። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፤ እሷ አንገቷ ድረስ ቆልፋለች። ፊቷ ላይ ያለው ፋውንዴሽን እንደ ግድግዳ ተለስኗል። ፓሪስ እኔን ትታ ባዮደርማውን አወረደች፣ ጥጥ ነከረች፣ እህቷን አገጯን ይዛ ጠረገቻት። መጀመሪያው ጥጥ ቡናማ ሆነ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ከሥር ሐምራዊ ወጣ፤ ጠርዙ ቢጫ፣ መሐሉ ጥቁር፤ ከዓይኗ ሥር ተነስቶ ጉንጯን ይዞ ወርዷል። ከንፈሯ ከውስጥ ተሰንጥቋል። ፓሪስ የአንገቷን ቁልፍ ፈታች።

«በር መታኝ» አለች ሐርዬ። «ግቢው እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ በር በበር ነው።»

«ይኼስ?» አለች ፓሪስ አንገቷን እያሳየች። «በር ጣት አለው?»

እኔ ደሜ ፈልቶ ግማሽ ራሴ እንደተበተነ ወጥቼ ልሄድበት ስል ፓሪስ አስቆመችኝ። ፊቷን በአቬን አርጥባ አቀዘቀዘችላት፣ የተሰነጠቀውን ቀባችላት፣ ከዚያ እጇን ይዛ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደቻት። እኔም ተከተልኩ።

ተረኛው መቶ አለቃ «ማን መታሽ?» አላት። ሐርዬ መሬት መሬት እያየች «በር ነው» አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ ሦስት ጊዜ በር አለች። ሰውዬው ወደ ጣቢያው መግቢያ በአገጩ አመለከተ።

«ያንንም በር የሠራልን ባልሽ ነው። ሙያተኛ ሰው ነው። በሉ፣ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፤ ወደየቤታችሁ ግቡ።»

ስንመለስ ፓሪስ መንገዱን ሙሉ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ እሱ ነው በይልኝ። የቀረውን ለእኔ ተዪው።» ሐርዬ አንገቷን ነቀነቀች፤ እምቢ ነው።

የእምቢታዋን ምክንያት ያወቅነው በሌላ ጊዜ ስትመጣ ነው። ያን ቀን ሻሿን ስትፈታ ከጆሮዋ በላይ ፀጉሯ ከነቆዳው ተነቅሎ ሥጋው ታየ። ጉንጉኑን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ከጓዳ እስከ ግቢ ጎትቷታል። ደሙ ከቅባቱ ጋር ረግቶ ነበር። ፓሪስ ቁስሉን አጠበችላት።

«እትዬ፣ ቁረጪልኝ» አለች ሐርዬ። «የሚይዘው አይኑረው።»

«ይህንን ራስ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እሱ እጁን ይቁረጥ። ለምን አትወጪም? ለምን አትናገሪም?»

«ከተናገርሽ አለኝ፣ ከተናገርሽ የእህትሽን ሱቅ ከውጭ እበይደውና ከነነፍሷ አነደዋለሁ አለኝ። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የት እንደሚያዝ አውቃለሁ አለኝ።»

ለካስ ያን ሁሉ ዱላ የምትውጠው ለእህቷ ብላ ነው። ፓሪስ ዞር ብላ የሱቋን በር አየችው። እኔም የራሴን አሰብኩ። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ የሠራውን በር ስዘጋ እጄን እየቀፈፈኝ ነው።

«ቁረጪላት!» አልኳት። «አንቺ ጨርቅሽን ቁረጪ» አለችኝ። እልኸኛ ናት፤ የገዛ እጇን ሥራ ለእሱ ብላ መጣል አልዋጥላት አለ። ይልቅ መላ አለኝ ብላ ዘይት አወረደች። ፀጉሩ ካሟለጨ ክንዱ ላይ አይጠመጠምለትም። ኑክሱን አፈሰሰችበት፤ እሱ ግን ደረቅ ዘይት የሚሉት ዓይነት ነው፣ ወዲያው ሰርጎ ፀጉሩን ሐር አስመስሎ ቁጭ። «አንተ ለውበት ነህ፣ ለጠብ አትሆንም» ብላ መለሰችው። ከታችኛው መደርደሪያ ተራውን ቫዝሊን አንስታ ከሥር እስከ ጫፍ ለቀለቀችው። ሐርዬ እንደዚያ አብለጭልጫ ወደ ቤቷ ስትሄድ ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ።

ፍልሚያው የመጣው በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሐርዬ እንድትቀባ መጥታ ገንዳው ጋ ተቀምጣለች። እኔ የሙሽራ ልብስ እያጠበብኩ በግድግዳው የበያጁን ድምፅ ሰማሁ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ተነሽ። ዘይት ለውሰሽ አንሶላዬን የምታበላሺው ማን መክሮሽ ነው?»

መቀሴን ጥዬ፣ ጨርቅ የምለካበትን የሜትር እንጨት አንስቼ ሮጥኩ። ስገባ ጉንጉኗን ጨብጦ ሊጠመጥም ነው፤ በኃይል ሳበ፤ ፀጉሩ ከእጁ ሟልጮ ወጣ። ከነጉልበቱ ወደ ኋላ ሄደና ካስኩን ይዞ ወደቀ። ለአፍታ ፓሪስ አሸነፈች አልኩ። ተሳስቻለሁ። የወደቀበት እፍረት አሳበደው። ተነስቶ አሁን በፀጉሯ ሳይሆን በማጅራቷ ያዛትና ፊቷን ገንዳው ጠርዝ ላይ አጋጨው። አንዴ። ደግሞ። በሦስተኛው ድምፁ ተለወጠ፤ የአፍንጫ አጥንት ሲሰበር እንዴት እንደሚጮህ ያኔ ነው ያወቅኩት። ደሟ ነጩን ገንዳ ሞላው።

የሜትሩን እንጨት ጀርባው ላይ ሰበርኩበት። ዞሮ አላየኝም። ፓሪስ ወንበር ላይ ወጣች፤ የያዘችው የመጀመሪያው ዕቃ ሻሊማር ነበር። ከላይ ወደ ታች ቅንድቡ ላይ አወረደችው። ቅንድቡ ተተረተረ። ሐርዬን ለቀቀና ፓሪስን በቡጢ አፏን መታት፤ ጥርሷን ከነደሟ ስትተፋው አየሁ። ጠርሙሱን ግን አልጣለችም። ሁለተኛ መታችው፤ የጠርሙሱ አንገት ተቀነጠሰና ያ ስንት ዓመት በጠብታ ሲቆጠብ የኖረ ሽቶ ባንድ ጊዜ ቁስሉ ውስጥና ዓይኑ ውስጥ ፈሰሰ። ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ታውሮም አልቆመም፤ አየሩን እየደበደበ መስታወቱን አረገፈው፣ የላይኛውን መደርደሪያ ከነዕቃው ጎትቶ ጣለው። ፓሪስ የተሰበረውን ጠርሙስ እንደጨበጠች እህቷ ላይ ተኝታ ከለለቻት። የሰፈሩ ወንዶች ደርሰው ስድስት ሆነው ነው የያዙት።

ጣቢያ ስንገባ የቫኒላው ሽታ ቀድሞን ገባ። መቶ አለቃው ያው ሰውዬ ነበር። በያጁን አየው፤ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፣ ቅንድቡ ላይ ሥጋ ተንጠልጥሏል፣ ሸሚዙ ሻሊማር ይሸታል።

«ምን ሆነህ ነው?»

በያጁ ጆሮውን ወደ በሩ ጣለ። ከበሩ ውጭ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ያ ሁሉ ወንድ እየሰማ ፀጉር ሠሪ በሽቶ ጠርሙስ ደበደበችኝ እንዴት ይበል?

«በር ወደቀብኝ» አለ።

የያዙት ሰዎች አፋቸውን ከፈቱ። ከገዛ አፉ ውሸት እንኳ ማውጣት አቅቶት የሚስቱን ተዋሰ። መቶ አለቃው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ገላገልከኝ የሚል ፊት ነበረው።

«እንግዲህ ከሳሽ ከሌለ እኛ ምን እናድርግ። ታከሙና ወደየቤታችሁ።»

በያጁ እጁን በዳበሳ ዘርግቶ «ተነሽ፣ እንሂድ» አለ። ሐርዬ ተነሳች። አፍንጫዋ ላይ የእኔን ሻሽ ይዛለች። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ዝም ካለች ፓሪስ ነፃ ናት፣ እሷ ግን ከእሱ ጋር ወደ ግቢው ትገባለች። ከተናገረች እህቷን በገዛ አፏ ታሳስራለች። ፓሪስን አየቻት። ፓሪስ አፏ አብጦ መናገር አትችልም፤ ብቻ በደም የራሰ አገጯን ዝቅ አድርጋ አዎ አለቻት።

«በር አይደለም፣ መቶ አለቃ» አለች ሐርዬ። ድምጿ ከሻሹ ሥር ታፍኖ ነው የወጣው፣ ግን ሁሉም ሰምቷል። «እህቴ ናት፤ በሽቶ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ መታችው። ይጻፉት።»

በያጁ የተዘረጋ እጁን ሰበሰበ።

«የእኔም በር አልነበረም» አለች። ሻሹን አውርዳ ፊቷን አሳየች፣ ፀጉሯን ገልጣ የተነቀለውን አሳየች። «ያን ጊዜ እዚሁ ቆሜ ሦስት ጊዜ ዋሸሁዎት። እሱ ነው። ሁሉንም ጊዜ እሱ ነው። እናገራለሁ፣ ይጻፉት።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አነሳ። ያን ቀን ብዙ ጻፈ።

ፍርድ ቤቱ ለእሱ ዓመታት፣ ለፓሪስ ወራት ሰጠ። እኔ ስንጨረጨር ፓሪስ «ጥርሴን ማስተከል እንዳይወድባቸው ቶሎ ይፈቱኝ ይሆናል» ብላ ቀለደችብኝ። እሷ እስክትወጣ ፀጉር ቤቱን የያዘችው ሐርዬ ናት። መጀመሪያ ያደረገችው የብረቱን በር አስነቅሎ በእንጨት ማስተካት ነው። ቀጥሎ እኔ ዘንድ መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፤ በጨርቅ መቀሴ ፀጉሯን ከማጅራቷ ጀምሬ አወረድኩት።

ፓሪስ የተፈታች ቀን ሱቁ ደጃፍ ቆመች። ሐርዬ ወለሉን በሙቅ ውሃ አጥባ ስለነበር ከሲሚንቶው ውስጥ ሻሊማር ይወጣ ነበር። ፓሪስ ባዶውን የላይኛውን ግድግዳ አየች፣ ከዚያ የእህቷን አጭር ራስ። መዳፏን አሳረፈችበት፣ ጠባሳውን ዳበሰች፣ ማጅራቷ ድረስ ወረደች። ሐርዬ እጅ ማጅራቷን ሲነካት አልበረገገችም። ፓሪስ ያለቀሰችው ይህንን ስታይ ነው።

«ይኼን ጠማማ ማን ቆረጠው?» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ጎረቤትሽ።»

«ያስታውቃል» አለችና ወንበሩን አዙራ አስቀመጠቻት።