በማለዳ የመጣው ተመራጭ

ባንቺአየሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ እየጠበሰች አንድ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ምላሷ ከዘይቷ ይበልጥ ያቃጥላል ይሏታል፤ በጾም ግን ከደጇ ሰው አይጠፋም። የሰፈሩ ልጅ ይትባረክም ተማሪ ሳለ ከእሷ ዘንድ በነፃ እየበላ ነው ትምህርቱን የጨረሰው። ለምክር ቤት ሲወዳደርማ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞራ፣ «የራሳችንን ልጅ ትታችሁ ማንን ልትመርጡ ነው? አፈር ብሉ!» እያለች ያስመረጠችው እሷ ናት። ያሸነፈ ዕለት እልል ብላ ድምጿ ተዘጋ።

ከዚያ ልጇ ባምላክ ጠፋ። ጠፋ ማለት እንኳ ውሸት ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ወደ ደልጊ የሚነዳውን ጀልባ ሊያንቀሳቅስ ሲል፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው እያየ፣ የታጠቁ ሰዎች ወሰዱት። እስር ቤት ሄደች፤ «እኛ ዘንድ የለም» አሏት። የጸጥታ ቢሮ ሄደች፤ «ምስጢር ነው» አሏት። እንዴ! አምጣ የወለደችው እሷ፣ ምስጢሩ የእነሱ!

ይትባረክ ዘንድ ሄደች።

«እኔን ቢከለክሉኝ አንተን አይከለክሉህም፤ አንተ የሕዝብ ነህ። አለ ወይስ የለም፣ ይህን ብቻ ጠይቅልኝ።»

«እትዬ፣ በእኔ ይጣሉት! ከምክር ቤት የሚደበቅ ምን ነገር አለ?» አላት ደረቱን ነፍቶ።

አመነችው። ባምላክ የሚወደውን የዓሣ ጭንቅላትም ለደንበኛ መሸጥ ተወች፤ ድንገት ቢመጣስ ብላ።

ይትባረክ አልጠየቀም አይባልም፤ ጠይቋል። የቢሮው ኃላፊ ሻይ ጋበዘውና፣ «ክቡር ተመራጭ፣ ይህ ዓይነቱ ፋይል ለአባላት እንኳ እንዳይታይ ያጸደቃችሁት እናንተው ናችሁ። እጅዎን ሲያወጡ አላነበቡትም?» ብሎ ሳቀበት። አላነበበውም ነበር። ሌላው እጁን ሲያወጣ እሱም አወጣ፤ አለቀ።

ይህን ምን ብሎ ይንገራት? አፍሮ ሲሸሻት ከረመ። በመጨረሻ ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ሊበር ሲል፣ ብቻዬን አልችላትም ብሎ የእድሩን ዳኛ ጋሽ ሣህሉን አስከትሎ፣ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳ። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው! የሰፈሩ ልጅ አይደለም እንዴ? በማለዳ የእድር ዳኛ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከደጅ የሚቆም ሰው መርዶ እንደያዘ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

ባንቺአየሁ በሩን ከፍታ ሁለቱን አየች። ቃል አልጠበቀችም። «ወይኔ ባምላክዬ! ወይኔ ልጄን!» ብላ ከመሬት ተፈጠፈጠች። ሰፈሩ በጩኸቷ ነቃ። ይትባረክ «እትዬ፣ እሱ አይደለም!» ቢል ማን ይሰማዋል? ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ጥቁር አለበሷት። ድንኳን ተተከለ።

ትንሽ ሰከን ስትል ጋሽ ሣህሉ ጎንበስ ብለው፣ «ባንቺ፣ እኛ መርዶ አልያዝንም። ፋይሉን አላሳዩኝም፣ የከለከለኝም እኔው እጄን ያወጣሁለት ሕግ ነው ሊልሽ ነው የመጣው» አሏት።

ልቅሶው ቀጥ አለ። ለጸሎት የተጠሩት የንስሐ አባቷም ለሕያው ፍትሐት አይደረግም ብለው መጽሐፋቸውን ዘጉ። ባንቺአየሁ ይትባረክን ቀና ብላ አየችው።

«ልጄ አለ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ሞቷል?»

«አላውቅም።»

«ይህን ጥቁር ላውልቀው ወይስ ልልበሰው? አንድ ቃል በለኝ። የመረጥሁህ ለዚህ ነው።»

ይትባረክ አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ፤ እሷም አየችው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችው። «ሂድ፣ ሂድ እጅህን አውጣ።»

ድንኳኑ በማግሥቱ ፈረሰ። ባንቺአየሁ ዛሬም ጥቁሯን እንደለበሰች ጣና ዳር ዓሣ ትጠብሳለች፤ ጭንቅላቱን ግን ለማንም አትሸጥም።