የእማዬ ኢሜይል በእህቴ በኩል

እማዬ ከአገር ቤት ኢሜይል የምትልከው ለእህቴ ነበር። ፊደል ስላልቆጠረች እሷ ትናገራለች፤ ቢሮ የምትሠራው ጎረቤታችን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈች እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ላለችው ታላቅ እህቴ ትልካለች። እህቴ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ዘንድ ኮል አድርጋ ታነብልኛለች። ሁሉንም ግን አይደለም። መሀል ላይ ትዘልና «ይሄ የኔ ነው» ትላለች።

እርር ድብን እል ነበር። ዲቪው ቀድሞ ስለደረሳት እናታችንም ለእሷ ብቻ የደረሰቻት ይመስላታል። «ለእኔስ ምን አለች?» ስላት «ሰላም ብላሻለች» ነው መልሷ። ሰላምታማ ለጎረቤትም ይላካል!

ያኔ ቀን ቀን ፓርኪንግ ውስጥ ካሽየር ነበርኩ፤ ማታ ኮሌጅ ኔትወርክ እማራለሁ። ኔትወርክ የተማረ ሀበሻ ሁሉ ቢሮ የሚገባ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን አስተማሪያችን፣ አንድ ሸበቶ ሰውዬ፣ ስለ ድሮው ኢሜይል አጫወተን። በወጣትነቱ የተቀባዩን ስም ብቻ ጽፎ መላክ አይቻልም ነበር። መልእክቱ የሚያልፍባቸውን ኮምፒውተሮች ሁሉ በየተራ መጻፍ ነበረበት፤ አንዷ ከተበላሸች መልእክቱ እዚያው ይቀራል። አሁን ግን የሰውየውን አድራሻ ብቻ ጻፉ፣ መንገዱን ኔትወርኩ ራሱ ይፈልገዋል አለን። ሌሎቹ ኖት ይይዛሉ፤ እኔ የማስበው እህቴን ነው። መሀል መንገድ ላይ የተገተረችው ኮምፒውተር እሷ ነበረች።

ክላስ እንዳለቀ እዚያው ኮምፒውተር ላብ ውስጥ የራሴን ኢሜይል ከፈትኩ። በስልክ ካርድ ደውዬ ጎረቤታችንን አድራሻዬን አስጻፍኳትና «ከእንግዲህ እማዬ ለእኔ በቀጥታ ትላክልኝ» አልኳት። ለእህቴ ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ በኋላ ክላስ በመጣሁ ቁጥር እከፍተዋለሁ፤ ባዶ ነው።

በመጨረሻ መጣልኝ። ፕሪንት አድርጌው እየተጣደፍኩ አነበብኩ። «እህትሽ ከስታለች አሉኝ። እሷን ብጠይቃት እውነቱን አትነግረኝም። ሄደሽ እያትና ጻፊልኝ። እኔ እንደላክሁሽ ግን እንዳትነግሪያት።» መጨረሻው ላይ ለእኔ ሰላም ብላኛለች።

ደሜ ፈላ። የእናት ትእዛዝ ነውና ግን በዕረፍቴ ቀን በሜትሮ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። እህቴ የሆቴል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በሩን ከፈተችልኝ። እውነትም ከስታለች። ደህና ነሽ ወይ ልላት አስቤ ብመጣም ከአፌ ሌላ ወጣ።

«በራሴ አድራሻ እንኳን የምትጽፍልኝ ስለ አንቺ ነው!» አልኳት።

«ስለኔ?» አለች። «የምዘለው ምን ይመስልሻል? ‹ትበላለች ወይ? ትምህርቱ ከበዳት እንዴ? ብቻዋን ናት፣ አደራ። እንዳትነግሪያት።› ሁልጊዜ አንቺ! ስለኔ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። እኔን ማን ያለኝ ይመስላታል?»

እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ በእሷ ስቀና፣ ለካ እሷም ስልኩን በዘጋች ቁጥር በእኔ ትቃጠል ነበር። የእማዬ ነገር እንዲህ ነው፤ የአንዷን ልጇን ጭንቅ የምትነግረው ለሌላዋ ነው።

አትንገሪያት መባሌን ትቼ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። እንደቆመች አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ደስ ይላታል ብዬ ፊት ፊቷን አያለሁ።

«ይህን ለእኔ ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።