የእትዬ አስካለ ኤክስ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው መጋቢት፣ የፍራንክፈርት ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ቀን ነው። የማልረሳው አንዲት ቃል ሳላስብ ተናግሬ የአንዲት እናትን የመጀመሪያ ምርጫ ገደል ልከት ስል ስለተረፍኩ ነው። ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ በራሴ ነው የጀመርኩት። ቃል እመርጣለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ ዓርብ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ኡንተርሊደርባህ በሚባል ሰፈር ጉባኤያችን እሑድ እሑድ የሚከራየው አዳራሽ ነበርን። ለሰው ደብዳቤ ስለምተረጉም ፓስተራችን «አዲስ ዜግነት ያገኙት እንዴት እንደሚመርጡ አስረጂልን» አሉኝ። ከአምልኮ በኋላ የናሙናውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ጠረጴዛው አልበቃውም። ጫፍና ጫፉ እንደ ጠረጴዛ ልብስ ተንጠለጠለ።

እዚህ ከተማው በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው። ከዚያ ከአንዱ ክልል ዘጠና ሦስት ሰው ስለሚመረጥ እያንዳንዱ መራጭ ዘጠና ሦስት ድምፅ አለው። ለአንድ ሰው እስከ ሦስት መስጠት ይችላል። ካሻውም ከፓርቲው ስም አጠገብ ያለችውን ክብ ይሞላና ድምፁ ለዚያ ፓርቲ ይሆናል።

«ዘጠና ሦስት!» አለ አንድ ታክሲ ነጂ። «እኔ አገር ቤት አንዷንም ሳላገኝ ነው የወጣሁት።»

«እንግዲህ እስክትጠግብ ምረጣ» አለችው ሚስቱ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አንዲት ነርስ ነበር። የኛው ልጅ ናት፤ ፓርቲዋ ዝርዝሩ ላይ ስልሳ ምናምነኛ አድርጎ አስቀምጧታል። «እዚያ ታች ማን ያያታል?» አሉኝ። እኔም «እዚህ አገር መራጩ ራሱ ሰው ከታች አንስቶ ወደ ላይ ማውጣት ይችላል፤ ስሟ አጠገብ ያሉት ሦስት ሳጥኖች ላይ ምልክት አድርጉ» አልኳቸው።

ምልክት። ያቺ ቃል ናት። ምን ዓይነት ምልክት እንደሆነ አልተናገርኩም፤ መናገር እንዳለብኝም አልታሰበኝም።

ፊት ረድፍ ላይ እትዬ አስካለ ተቀምጠው ነበር። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ የጀርመን ፓስፖርት የያዙት ግን ባለፈው ዓመት ነው። ፎርም ሲመጣ ልጃቸው ትሞላለች፣ እሳቸው ይፈርማሉ። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜም መርጠው አያውቁም።

ሰው ሲበተን እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ከአንድ ቦታ ብዙ ሰው መመረጡ ለኔ አዲስ አይደለም» አሉኝ። «በጃንሆይ ጊዜ ከኛ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ነበር የሚመረጠው። አባቴ ሦስት ጊዜ ተወዳድሯል።»

አባታቸው አቶ ተሰማ ከአምቦ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ የጨው ነጋዴ ነበሩ። እትዬ አስካለ የዚያን ወረዳ የምርጫ ታሪክ በቃላቸው ይዘውታል።

«በመጀመሪያው ምርጫ አንዱ ወንበር ለባላባቱ፣ ሁለተኛው ለባላባቱ አማች። አባቴ ሦስተኛ። በሁለተኛው ምርጫ ባላባቱ ሞቷል። ደስ አለን አልልሽም፤ ግን ተስፋ አደረግን። አማቹ አንደኛ ወጣ፣ የአማቹ ወንድም ሁለተኛ። አባቴ ሦስተኛ። በሦስተኛውማ ተይው፣ ለመደው።»

«የምርጫ ምልክታቸው ምን ነበር?» አልኳቸው።

«መሰላል። አልወጣበትም እንጂ።» ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሊሞት ሲል ቃል ገብቼለታለሁ። አንድ ቀን እኔ ራሴ እመርጣለሁ፣ ከታች ላለ ሰው ነው የምመርጠው አልኩት። እስከዛሬ አልሆነልኝም። ያቺን ልጅ ከዚያ ታች ማውጣት አለብኝ።»

ዓርብ ዕለት ኖርድኤንድ ሰፈር ካለው ካፌ ሥራ ልወጣ ስል ስልክ ደወሉልኝ። ያ ካፌ የዓመቱ ሦስተኛ ሥራዬ ነበር። «ነይና ፖስታውን ውሰጂልኝ። ብቻዬን ጨረስኩት! ልጄም አላየችው» አሉ። በፖስታ ለመምረጥ ተመዝግበው ነበርና ወረቀቱ ቤታቸው ደርሷል።

ሆህስት ሰፈር እቤታቸው ስደርስ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ቀዩ ፖስታ ታሽጎ እጃቸው ላይ ነው። ተቀብዬ ደረጃውን ልወርድ ስል እንዲያው ለወጉ «አላስቸገረዎትም?» አልኳቸው።

«ምን ያስቸግራል! ለነርሷ ሦስቱንም ሳጥን ራይት አደረግኩላት። ለእነዚያ ደግሞ፣ እኛን ጠራርገው ማስወጣት ለሚፈልጉት፣ ክቧ ላይ ትልቅ ኤክስ! እንደ ስድስተኛ ክፍል አስተማሪዬ። ቀይ እስክሪብቶ ባገኝ ደስ ባለኝ።»

እግሬ ደረጃው ላይ ቀረ።

እኛ በተማርንበት ራይት ማለት ትክክል ነው፣ ኤክስ ማለት ስህተት ነው። ጀርመን ወረቀት ላይ ግን ኤክስ «ይህን እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ክቧ ላይ ሲሆን ደግሞ «የቀረኝን ድምፅ በሙሉ ለእነዚህ» ማለት ነው። ሦስቱን ለነርሷ ሰጥተዋል። የቀረው ዘጠና ነው።

እውነቱን ለመናገር ዝም ልል አስቤ ነበር። ፖስታውን አድርሼ ብመለስ ማንም አያውቅም። ከመላው ከተማ የአንድ ሰው ድምፅ ምን ይለውጣል? ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ግን ቃል የገቡት ለአባታቸው ነው፤ ያሳሳትኳቸውም እኔ ነኝ።

ተመለስኩና ነገርኳቸው። በአንድ ትንፋሽ ነው የነገርኳቸው።

«ዘጠናውን?» አሉ።

«ዘጠናውን።»

«ለእነዚያ?»

«ለእነዚያ።»

መተላለፊያው ላይ ጫማ ሲያደርጉ የሚቀመጡባት በርጩማ ነበረች፤ እሷ ላይ ቁጭ አሉ። «አንቺ ምልክት አድርጉ አልሽ እንጂ የምን ምልክት እንደሆነ መች ነገርሽን?» አሉኝ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ጎንበስ ስል ቀና አሉ።

«ያቺን ጥቁር ጫማ አቀብዪኝ» አሉ። «የእሑዷን።»

የተበላሸ ወረቀት ምርጫ ቢሮ ሄዶ መቀየር እንደሚቻል የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። እርግጠኛ አልነበርኩም። ቢሮው መሀል ከተማ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ቢሮ ቶሎ ይዘጋል። ከሆህስት በአሥራ አንድ ቁጥር ሽትራሰንባን፣ በከተማው ባቡር፣ ተሳፈርን። በየፌርማታው ሲቆም እትዬ አስካለ ፖስታውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘዋል።

«እኔ ልናገርልዎት?» አልኳቸው።

«አይሆንም። ያበላሸሁት እኔ፣ የምናገረውም እኔ። ዓረፍተ ነገሩን ብቻ አስጠኚኝ።»

«ኢሽ ሃበ ሚሽ ፌርሽሪበን። ተሳስቼ ጻፍኩ ማለት ነው።»

እስክንወርድ ድረስ ሲደጋግሙት ቆዩ። ከፊታችን የተቀመጠ ሽማግሌ ጀርመናዊ ዞር ብሎ አያቸውና «ምንም አይደል፣ ሁላችንም እንሳሳታለን» አላቸው። ለእሱ የተነገረ መስሎታል።

ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ሰው እየወጣ ነው፣ የሚገባ የለም። ጥበቃው ሰዓቱን አየ፣ እትዬ አስካለን አየ፣ በሩን ያዘልን። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መታወቂያቸውን ተቀበለች።

«ፍራው ተሰማ» አለች፤ ወይዘሮ ተሰማ ማለቷ ነው።

እትዬ አስካለ ዞር ብለው ከኋላቸው ያለውን ሰው ፈለጉ። ሁልጊዜ እንደዚያ ናቸው። «ፍራው ተሰማ ሲሉኝ አባቴ መጥቶ የጠሩት ይመስለኛል» ይላሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ተናገሩ።

«ኢሽ ሃበ ፌርሽፕሮኸን።»

«ሚሽ» ቀረች፣ የመጨረሻዋም ቃል ተለወጠች። ያሉት «ተሳስቼ ጻፍኩ» ሳይሆን «ቃል ገብቻለሁ» ሆነ። ላርም አፌን ስከፍት ሠራተኛዋ ቀደመችኝ።

«ለማን ነው ቃል የገቡት?» አለቻቸው ፈገግ ብላ።

ይህቺን ጀርመንኛ እትዬ አስካለ በደንብ ያውቋታል። «ለአባቴ» አሉ።

ሴትየዋ ፈገግታዋ ቀረ። መነጽሯን አወረደችና ፖስታውን አየች። እኔ ስለ ራይትና ስለ ኤክስ አስረዳኋት። ድምፁ ለማን እንደሄደ አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችም። «እኔም ቱርክኛ ፎርም ብሞላ እንዲሁ አደርግ ይሆናል» አለች፤ ለምን ቱርክኛ እንዳለች እስካሁን አይገባኝም። አሮጌውን ተቀብላ አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ፖስታ ሰጠቻቸው። ጥግ ላይ ያለችውን መከለያም አሳየቻቸው።

ልከተላቸው ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። «እዚያው ቁሚ፣ ገጣሚዋ። ምስጢር ነው።»

ቆይተው ወጡ ብል ቀላል ነው። ያን የሚያህል ወረቀት ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ፣ እንደገና ሲታጠፍ ይሰማኛል። ጥበቃው ቁልፉን እያንቀጨቀጨ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሠራተኛዋ ሁለቱንም ጊዜ በእጇ መለሰችው። በመጨረሻ ቀዩን ፖስታ ይዘው ወጡና በራሳቸው እጅ ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። ሲወድቅ ድምፅ እስኪሰማ ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አዘንብለው ጠበቁ።

«ዘጠና ሦስት ኤክስ» አሉኝ ውጭ ስንወጣ። «አንድ በአንድ ቆጥሬ። ክቧ ላይ ዝር አላልኩም። እጄ ዝሏል።»

ቆጠራው ቀናት ፈጀ። ውጤቱን ያየሁ ቀን ደወልኩላቸው። ነርሷ ከስልሳ ምናምነኛ ብዙ ሰው አልፋ ወደ ላይ ወጥታለች፤ ግን አልገባችም።

«ስንተኛ ሆነች?»

«ከገቡት ቀጥሎ ሦስተኛ።»

ከዚያ ያ ሳቃቸው መጣ። «ሦስተኛ! ይቺ ቁጥር ከኛ ቤት አትጠፋም!»

እዚህ አገር አንድ ተመራጭ ከለቀቀ ከዝርዝሩ ቀጣዩ እንደሚገባ ነገርኳቸው። በአባታቸው ወረዳ ሦስተኛ የወጣ ሰው ወደ ጨው ንግዱ ነበር የሚመለሰው።

«በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው ከለቀቀ ትገባለች ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ይለቃሉ። ሰው ሥራ ይቀያይራል፤ አንቺን እያየሁሽ!»

ባለፈው ሳምንት ካፌ መጡ። ለሰፈራቸው ምክር ቤት በሚቀጥለው ምርጫ ራሳቸው መወዳደር ይፈልጋሉ። የነርሷ ፓርቲ ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ተገኝተዋል፤ አንዴ ደግሞ ስለ አሳንሰር ብልሽት እጃቸውን አውጥተው ተናግረዋል። «ምልክቴ መሰላል ይሁን በይልኝ» አሉኝ።

«እዚህ ምልክት የለም። ስም ብቻ ነው» አልኳቸው። ይህን ጊዜ ቃሌን መርጬ ነው የተናገርኩት። «የሚጀምረውም በአባት ስም ነው።»

«እስቲ እንደሚጻፈው አድርገሽ ጻፊልኝ።»

ሶፍት ላይ «ተሰማ፣ አስካለ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ይዘውት ቆዩ።

«ከታች ያድርጉኝ ግድ የለም» አሉ። «ስልሳኛም ይሁን። እንዴት እንደሚወጣ አሁን አውቄበታለሁ።» አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አሁን ያንን ዓርብ ሳስታውስ ሐፍረቱ አለ፤ ግን ከሐፍረቱ ይልቅ ያቺ «ያቺን ጥቁር ጫማ አቀብዪኝ» ያሉባት ሰዓት ትበልጥብኛለች። በሚቀጥለው ጊዜ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ ስዬ ነው የምጀምረው። ምርጫው ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል። እኔ አንድ ቦታ አምስት ዓመት ቆይቼ አላውቅም። እዚህ ከተማ ግን እቆያለሁ።