በአምደወርቅ ብርድ የረጋ አሲድ

አምደወርቅ ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ከእኔ በፊት የነበረው የላብራቶሪ ባለሙያ ቁልፉን አስረክቦኝ በመጣሁባት ሚኒባስ ወደ ሰቆጣ ተመለሰ። «ሰው ይናፍቅሻል» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አሴቲክ አሲድ አቼቶን የሚያኮመጥጠው ነው። በውሃ አቅጥነን ነጭ የደም ሴል ስንቆጥር ቀዩን እናጠፋበታለን፤ ሽንት ውስጥም ፕሮቲን እንፈልግበታለን። ሽታው ግን ከልብስ አይለቅም። ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሁሉ ቦታ ይቀይራል፤ «አቼቶዋ» የሚል ስምም ወጣልኝ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

አንድ የብርድ ጠዋት ያልቀጠነው አሲድ ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ አገኘሁት። በብርድ እንደሚረጋ ተምሬአለሁ፤ አይቼ ግን አላውቅም። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ይዤው እስከ በሩ ወጣሁ። የማሳየው ሰው አልነበረም፤ መልሼ ገባሁ።

ያንኑ ቀን አንድ መምሬ ነፍሰ ጡር ሚስታቸውን ይዘው መጡ። ፊቷ አብጧል፣ ራሷን ያማታል፣ የደም ግፊቷም ከፍ ብሏል። የጣቢያችን አዋላጅ ዛሬውኑ ሰቆጣ ሆስፒታል ትሂድ ብትል መምሬ እምቢ አሉ። ያሳበጣት ጾሙና ስግደቱ ነው፣ ቤቷ ትረፍ አሉ። አዋላጇ የሽንት ምርመራ አዘዘችና «እስኪ አንቺ ሞክሪያቸው» አለችኝ።

የሽንት መመርመሪያ ወረቀቱ ካለቀ ቆይቷል። ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ አሟሙቼ አሲዱን አቀለጥሁና አቀጠንሁት። ከዚያ «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን በር ከፍቼ መምሬን ጠራኋቸው።

ሁለት ቱቦ ያዝሁ፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የራሴ ሽንት። የሁለቱንም የላይኛውን ክፍል በአልኮል መብራት እሳት አፈላሁት። የእኔ ጠርቶ ቀረ፤ የእሷ ነጭ ሆነ። ነጩ ጨው ከሆነ አሲዱ ያጠፋዋል፣ ካልጠፋ ግን ፕሮቲን ነው፤ ኩላሊቷ ተጎድቷል፣ እሷም ልጇም አደጋ ላይ ናቸው አልኋቸው። አሲዱንም ጠብ ጠብ አደረግሁበት።

መምሬ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆዩ። ነጩ ደመና እንዳለ ነው።

«ልጄ፣ አልጠፋም።»

«አልጠፋም፣ መምሬ።»

ወጡና ለሚስታቸው በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ አንድ ነገር ነገሯት። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ለመሄድ ተነሳች። አምቡላንሱ ይዟቸው ሲሄድ ክፍሌ እንደገና ጭር አለ።

መምሬ ሰንብተው ወደ እኔ ተመለሱ። እሷ ተርፋለች፤ ልጁ አልተረፈም። ሽታው ሳይከብዳቸው ወንበሬ ላይ ብዙ ተቀመጡ።

«ውጤቱን በወረቀት ብቻ ጽፈሽ ብትሰጪኝ ኖሮ አላምንም ነበር፤ ቤቴ ወስጄ እገድላት ነበር» አሉኝ።

እኔም አለቀስሁ፤ ለልጁም፣ ለራሴም።

ከዚያ ወዲህ በሬን አልዘጋም። እናንተም የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውጤት ከመጻፋችሁ በፊት፣ ከቻላችሁ፣ ታካሚውን ወይም ያመጣውን ሰው አስገብታችሁ አሳዩት።